ሁለት ቀን የሚቆይ ቃል

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። የምጽፍልዎት ስለ 16 ዓመቱ ልጄ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ፣ ፍልሰታ ሲገባ ከእኔ ቀድሞ ነጠላውን የሚያነሣ ልጅ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከስልኩ ጋር እኩለ ሌሊት ያልፈዋል። እቀማዋለሁ። አኩርፎ እህል አልቀምስም ሲል አንጀቴ አይችልም፤ በሁለተኛው ቀን እመልስለታለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሰንበት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። ጎረቤቴ «ፍቅር ሐይቅ» በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ አየችው። አባቱ ሲመጣ ነገርኩት፤ በቀበቶ ገረፈው። የስምንት ዓመት እህቱን ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና አገኘኋት። ባለቤቴን ብናገረው «በበትር ከመምታት የሚራራ ልጁን ይጠላል ይላል መጽሐፉ» ብሎ አፌን አስዘጋኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም። እንሂድ ስለው «እግዚአብሔርም እንደ አባዬ ከሆነ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለኝ። ምን ላድርግ?

ጭንቅ የገባት እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ፣ ልጅዎ የተናገራት ቃል ሌሊቱን አላስተኛችኝም። ልጁ እግዚአብሔርን አልካደም፤ እግዚአብሔርን በአባቱ ቀበቶ ለክቶ ፈራው። ስለዚህ ከቀበቶው ልጀምር።

ባለቤትዎ የጠቀሱት ምሳሌ 13፥24 ነው። ግማሹን ግን ትተውታል፦ «ልጁን የሚወድድ ግን ተግቶ ይገሥጸዋል» ይላል። ተግቶ! በአሥራ አምስት ቀን አንዴ መጥቶ ቀበቶ መፍታት ትጋት አይደለም። በኤፌሶን 6፥4 ደግሞ ሐዋርያው ልጆቻችሁን አታስቁጡ ያለው አባቶችን በስም ጠርቶ ነው። የሀገራችን ሕገ መንግሥት እንኳ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት በአካል እንዳይቀጡ ይደነግጋል። መምህሩ የተከለከለውን አባት ቢያደርገው ለልጁ ገላ ልዩነት የለውም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፤ አይቀየሙኝ። ካህኑ ዔሊ ልጆቹ ሲባልጉ እያወቀ አልከለከላቸውም፤ ቤቱም በዚያ ተፈረደበት (1ኛ ሳሙኤል 3፥13)። እርስዎ ስልኩን በሁለተኛው ቀን ሲመልሱ ለልጅዎ ያስተማሩት አንድ ነገር ነው፤ የእናቴ ቃል የሚቆየው ሁለት ቀን ነው። ከአባቱ ቁጣን፣ ከእናቱ ኩርፊያ እንደሚያሸንፍ ተምሯል። ሥርዓትን ግን ከሁለታችሁም አላየም።

ዕብራውያን 12፥11 ላይ «ቅጣት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል ፓይዴያ ነው። «ልጅ» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን ልጅን ኮትኩቶ ማሳደግን ሁሉ ይይዛል። ጥቅሱም ፍሬውን የሚያገኙት «ለለመዱት» እንደሆነ ይናገራል። ሰው የሚለምደው ደግሞ በየቀኑ የሚደጋገመውን ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጸልዩ ብላን አታውቅም። ሌሊት የኪዳን ደወል ሲሰማ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስትቆም እናያት ነበር፤ ያመማት ቀን እንኳ ግድግዳውን ተደግፋ። ዛሬም ደወል ስሰማ መተኛት ያሳፍረኛል።

እንግዲህ አሥር ሕግ አያውጡ፤ አንድ ይበቃል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሀሁን ሳያጠና ወደ አቡጊዳ አይሻገርም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ባለው መሶብ ክዳን ላይ ይቀመጥ። የእርስዎም ጭምር፤ መጀመሪያ የሚቀመጠው የእርስዎ ይሁን። ባለቤትዎ በመጡ ቀን የእሳቸውም። ከዚያ አብራችሁ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙና ተኙ። ያኮርፋል፤ ያኩርፍ። እራቱን ያቅርቡለት፣ በፍቅር ያናግሩት፣ ስልኩን ግን እስኪነጋ አይስጡት። በመጀመሪያው ሳምንት አንጀትዎ ይላወሳል፤ ዔሊን ያስቡ።

ስለ ዋሸው ነገር ዝም አይበሉ። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ራሱ ሄዶ የቀረበትን ምክንያት ይንገር፤ እርስዎ በር ላይ ይጠብቁት። ወደ ቅዳሴ ግን ጎትተው አይውሰዱት። ሐይቅ ዳር የነበሩትን ጓደኞቹንም ምሳ ይጥሯቸው፤ ስማቸውን የማያውቁት ጓደኛ ነው የሚያሰጋው።

ዋናው ነገር ግን የባለቤትዎ ነው። በስልክ አይጀምሩት፤ ሲመጡ፣ ከመንገድ ድካም ካረፉ በኋላ፣ የንስሐ አባታችሁ ባሉበት ይሁን። ልጁ ያለውን ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይንገሯቸው። ከዚያ ልጃቸውን ለብቻው ይዘው ሐይቁ ዳር ይውጡና «በቀበቶው በድዬሃለሁ፤ መዋሸትህ ግን አሁንም አሳዝኖኛል» ይበሉት። ትንሿንም ልጅ አይርሷት፤ እሷም ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች፣ አባቷ ቤት ተመልሰው ይቅርታ ሲጠይቁም ትስማ።