ካሜራውን በፌስታል ለያዝከው ወንድሜ

"ጋሼ፣ ካሜራዬን በፌስታል ጠቅልዬ ነው ከቤት የምወጣው" ብለህ ደብዳቤህን ስትጀምር ሳቅኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋ።

ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጁ 23 ዓመቱ ነው፤ የሐዋሳ ልጅ። በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ አላገኘም። ዱባይ ሰው ቤት የሚሠሩ አክስቱ በ2015 ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ ካሜራ ከነሌንሱ ገዝተው ላኩለት። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቹ "የሀብታም ልጅ" ይሉታል። አንድ ሰርግ ላይ የቆዩ ካሜራ ማን "የሚያነሳው ካሜራው ነው፣ አንተማ ምን አለህ" አሉት፤ ያውም ሰው ፊት። እናቱ ደግሞ "ሽጠውና ላዩ ላይ ጨምረን ባጃጅ እንግዛ" ይላሉ። "ሁሉም ምቀኛ ሆነብኝ፤ ልሽጠው ወይስ ሰፈር ልቀይር?" ነው ጥያቄው። ስቱዲዮ ስለመክፈትና ማስተርስ ስለመማርም ጠይቋል።

"ሁሉም ምቀኛ" የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብለን መኪና ላይ የምንለጥፍ ሰዎች ነን። ቃሉ ይጥማል። ክፋቱ፣ አንዴ ከለመድከው ለሁሉም ነገር መልስ ይሆንልሃል። ደንበኛው ሳይደውል ቀረ፤ ምቀኛ ነገረው። ፎቶው ጨልሟል አሉህ፤ ምቀኞች ናቸው። እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ አውቃለሁ፤ ፎቶዎቹ አሁንም ጨለማ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ከምቀኛው ወገን ሆኜ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። አራት ዓመት መብራት ተሸከምኩ። ካሜራው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ነበር የሚቀመጠው፤ ቁልፉ የአሠሪዬ አንገት ላይ። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው። ያበላሸ ከደሞዙ ይቆረጥበታል። በስንት ልመና ካሜራ ነካሁ፣ በስንት ዓመት የራሴን ገዛሁ።

ከዚያ ዲጂታል መጣ። አንድ ቀን ሰርግ ቤት 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣለትን ካኖን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። የእኔን አሮጌ ካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ከዚያ የሙሽራዋን አባት ጠጋ ብዬ "ልጅ እኮ ነው፤ ካሜራው አያታልልዎት" አልኳቸው። ለእሱ ሊሰጡት የነበረውን የመልስ ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። የልጁን አንድ ፎቶ እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። ሳላይ ነው ያንን ያልኩት።

ስለዚህ ሰርግ ላይ የተናገሩህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ካሜራ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ሰርግ የሚከፈለው በብር። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ገባ። እኚህ ሰው ለአዲስ ካሜራ እቁብ ሲጥሉ ከነበረ፣ እቁቡ ሳይወጣላቸው ግማሽ ካሜራ ሆነ ማለት ነው። አንተ ደግሞ ውጪ ዘመድ ስላለህ፣ ብሩ ሳይወድቅ በፊት እጅህ ገባልህ። እንዴት አያቃጥል? ቅናት ነው፣ አልክድም። ግን አንተን እንደ ሰው ገና አያውቁህም።

ደግሞም ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ካሜራው ጎበዝ ነው። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ አንተ ሳትሆን እሱ ነው የሚያይልህ። እሳቸው ግን ሽማግሌዎቹ መቼ እንደሚነሱ፣ የሙሽራዋ እናት የት ቆመው እንደሚያለቅሱ፣ ጭፈራው ከየት በኩል እንደሚደምቅ ያውቃሉ። ደንበኛም አላቸው። ሂድና "ጋሼ፣ አንድ የሰርግ ወቅት ሁለተኛ ካሜራ ሆኜ ልሥራልዎት" በላቸው። ክፍያው ትንሽ ይሆናል። ኩራትህንም ይነካሃል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል መናፈሻ ሙሽሮቹን ሲያቆሙ መብራት ያዝላቸው። (መብራት ተሸክሜ ስላደግሁ ይሆናል ይህ መንገድ የሚታየኝ። ሌላ አማካሪ "በቲክቶክ ስምህን ገንባ" ይልህ ይሆናል፤ እኔ ያንን አላውቅበትም።) ሰውዬው እምቢ ካሉህ ሌላ ጋ ሂድ።

እናትህ ግን ምቀኛ አይደሉም። እሳቸውን ከዚህ ዝርዝር አውጣቸው። ቤት ውስጥ ብዙ ብር የሚያወጣ ዕቃ ተቀምጦ የሽንኩርት መግዣ ሲጠፋ ነው የሚያዩት። በእነዚህ ዓመታት ለቤት ስንት ሰጠህ? ሁለት ገጽ ስትጽፍ ይህን አልነገርከኝም።

ባጃጁን በተመለከተ ግን እናትህንም እቃወማለሁ። "ላዩ ላይ ጨምረን" የሚሉት ከየት ነው የሚጨመረው? መቼም ከአክስትህ ነው። የሰው ቤት እየጠረጉ ካሜራ ላኩ፤ አሁን ደግሞ ለባጃጅ ሌላ ስንት ዓመት ይጥረጉ? ይህን በትህትና፣ ግን በግልጽ ንገራቸው። ካሜራውን ዛሬ ብትሸጠው ነገ መልሰህ የምትገዛው አይመስለኝም።

እንግዲህ በተማርከው ትምህርት እንነጋገር። ሶኒ የዚህን ካሜራ ሸተር (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈት የሚዘጋውን ክፍል) እስከ 200,000 ፎቶ ድረስ ፈትኖታል። በአንድ ሰርግ 2,500 ፎቶ ብታነሳ 80 ሰርግ ነው። የእርጅና ቅናሽ፣ ዕቃ ባገለገለ ቁጥር ዋጋው እንደሚቀንስ፣ ተምረሃል አይደል? ከየሰርጉ ገቢ የካሜራውን ዋጋ አንድ ሰማንያኛ ለብቻው አስቀምጥ፤ በ2015 ዋጋው ሳይሆን በዛሬው። ደብተር ግዛና ሦስት ዓምድ አስምር፦ ለቤት፣ ለካሜራ፣ ለአክስት። በየወሩ መጨረሻ እናትህ ፊት ክፈተው። ጥር ላይ የገባውን ብር በጥር አትጨርሰው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የኦርቶዶክስ ሰርግ እስከ ፋሲካ አይኖርም። በዚያ ጊዜ ምርቃትና ልደት ፈልግ። የሁለት ሰው ሒሳብ ያዝ፤ ትንንሽ ሱቆች ሒሳብ የሚያስተካክልላቸው ሰው አጥተው ነው ያሉት።

ለጓደኞችህ የአክስትህን ሥራ ንገራቸው፤ "የሀብታም ልጅ" የሚለው ያኔ ይቀራል። ሰፈር ብትቀይር የምታተርፈው ኪራይ ብቻ ነው። ስቱዲዮ አሁን አይሆንም፤ ቢያንስ ሁለት የሰርግ ወቅት ይለፍህ። ማስተርሱን ለምን እንደፈለግከው ሳታውቅ አትማረው። የመሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ክፍት ቦታ ሲያወጣ ግን አመልክት፤ ሒሳብ የሚያውቅና ካሜራ የሚይዝ ሰው ብዙ አይገጥማቸውም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ካሜራህ ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይወስዳል፤ ሰርግ ስትሠራ ሁለቱም ላይ አስቀዳ። አንዱ ቢበላሽ የሰው ሰርግ አይደገምም።

ፌስታሉን ደግሞ ተወው። ሐይቅ ዳር ነው የምትኖረው፤ የታሰረ ፌስታል እርጥበት አፍኖ ይይዝና ሌንሱ ይሻግታል። ተራ የጀርባ ቦርሳ ይበቃሃል። ፎጣ አንጥፍበት፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢትም ጣልበት።