ይህችን ክር ማን አወረዳት?

ክራር ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ለምታስቡ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ክራሯን አቅፋ፣ ስልኳን ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ አስደግፋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ስልኩ ላይ መቃኛ ከፍታለች። ክሮቿን አንድ በአንድ ነካች፤ አንደኛዋ አረንጓዴ፣ ሁለተኛዋ አረንጓዴ፣ ሁሉም አረንጓዴ። ከዚያ አንድ ላይ ገረፈቻቸውና ፊቷን አጨማደደች። «ጋሼ፣ ስልኩ ልክ ነው ይላል። እኔን ግን የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል። ማንን ልስማ?» አለችኝ።

ሙዚቃ ማስተማር ከጀመርኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝ። ለተማሪ ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ሳላውቀው እንኳ አንድ ነገር እላለሁ። ያን ቀን ግን «ሐሙስ እንነጋገርበታለን» ብዬ ሸኘኋት። ይህንኑ ጥያቄ፣ ሳይጠይቀኝ የመለስኩለት አንድ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው።

በየቀኑ ተለማመዱ፣ አትቸኩሉ፣ ታላላቆቻችሁን ስሙ የሚለውን እዚህ አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ስለ ቅዱስ ያሬድና ዛፍ ስትወጣ ስትወድቅ ስለነበረችው ትልም አልነግራችሁም። በየመድረኩ ሲነገር ሰምታችሁት ትሏን ሳይሰለቻችሁ አልቀረም። ስለዚያ ልጅ ግን ልንገራችሁ።

ጊዜው የ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ በየቀበሌው ኪነት ነበረ፤ እናትና አባቶቻችሁን ጠይቋቸው፣ ግማሾቹ ሳይዘፍኑበት አልቀሩም። እኔ ከሙዚቃ ትምህርት ከወጣሁ ገና ዓመቴ ነው። ኖታ አነባለሁ፤ ኪነቱ ውስጥ ኖታ የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። ይህ አንድን ወጣት ምን ያህል እንደሚያሳብጠው መገመት አያቅታችሁም። ያለን መሣሪያ አንድ አኮርዲዮን፣ ክሮቹ የዛጉ አንድ ጊታር፣ ከበሮና ሁለት ክራር ነው። አኮርዲዮኑን የምይዘው እኔ ነኝ።

አኮርዲዮን በጣም እወዳለሁ፤ አሁንም። በአገራችን ሙዚቃ ውስጥ የሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ግን አንድ ጠባይ አለው፦ አይቃኝም። ድምፁን የሚያወጡት በውስጡ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ናቸው። እነሱን ለማስተካከል መሣሪያውን ፈትቶ ብረቱን መሞረድ ያስፈልጋል። መድረክ ላይ ሆነህ «ትንሽ ዝቅ በል» አትለውም። ስለዚህ እሱ ባለበት ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ሌላው ነው፤ ዘፋኙም፣ ክራሩም።

ልጁ አንድ ማታ የአባቱን ክራር በነጠላ ጠቅልሎ መጣ። አሥራ አምስት ወይ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀንበሩ ላይ ክሮቹ የተጠመጠሙበት ጨርቅ ከእጅ ብዛት ጠቁሯል። «ምን ትችላለህ?» አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ ተቀመጠና አንቺሆዬ ጀመረ።

አንቺሆዬን የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ፤ ከአራቱ ቅኝቶች ጆሮን የሚፈትነው እሱ ነው። ትዝታ ያቅፍሃል፤ አንቺሆዬ ግን ፊቱን አዙሮ ነው የሚያናግርህ። በኖታ ስንጽፈው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ እንለዋለን። የልጁ አምስተኛ ክር ግን ላ አልነበረችም። ከላ ወርዳለች፤ ላ ፍላት ጋ ደግሞ አልደረሰችም። በአኮርዲዮኔ ሁለት ቁልፎች መካከል፣ ቁልፍ በሌለበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ሁለተኛዋም ትንሽ ሸርተት ያለች መሰለኝ፣ እሷን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከበሮ መቺያችን እንኳ፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው፣ ዝም አለ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ?

«ይህችን ክር ማን አወረዳት?»

«አባቴ ነው ጋሼ። እሱ እንዲህ ነው የሚቃኛት።»

«አባትህ ተሳስቷል» አልኩት። በቁጣ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻል ነበር። ፈገግ ብዬ፣ ትከሻውን መታ አድርጌ፣ አንድ ትንሽ ነገር እንደማርም ሰው ነው ያልኩት። አኮርዲዮኑ ላይ ላን ተጭኜ ይዤ ክራሩን ከእጁ ወሰድኩና አምስተኛዋን ክር እስክትገጥም አጠበቅኳት። «አሁን ስማው» አልኩት። ሰማው። አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ በየማታው ሲመጣ፣ ገና ነጠላውን ሳይፈታ ላ እሰጠዋለሁ። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያለ እኔ እርዳታ ልክ እንደ አኮርዲዮኑ አድርጎ ይቃኛት ጀመር። ኮራሁበት። መድረክ ላይ ወጣ፤ ተጨበጨበለት።

እዚህ ላይ ሚዛን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ክራር ከአኮርዲዮን ጋር አብሮ ሊጫወት ከሆነ መግጠም አለበት፤ ያለበለዚያ ሁለቱ ድምፆች ሲጋጩ ው-ው-ው እያሉ ይንቀጠቀጣሉ። አንደኛው በሰከንድ 440 ጊዜ፣ ሌላው 443 ጊዜ ቢርገበገብ፣ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ትሰሙታላችሁ። ዛሬም ከባንድ ጋር የሚጫወት ተማሪ ቢኖረኝ «ግጠም» እለዋለሁ። «ለዚህ ባንድ እንዲህ እንቃኛለን፤ የአባትህን ደግሞ አትርሳት» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ደግሞ አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም። ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። አንድን ክር ሁለት ሦስተኛው ላይ ብትይዙት ንጹሕ አምስተኛ፣ ማለትም ከዶ እስከ ሶል ያለውን ርቀት፣ ይሰጣችኋል። በዚህ ንጹሕ አምስተኛ አሥራ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ብትወጡ ተነሳሁበት ወደምትሉት ድምፅ የምትመለሱ ይመስላችኋል፤ ግን ታልፉታላችሁ፣ የግማሽ ድምፅ፣ ማለትም የሁለት ጎረቤት ቁልፎች ርቀት፣ ሩብ በሚጠጋ ትርፍ። ፒያኖና አኮርዲዮን የሚቃኙት ያንን ትርፍ ለአሥራ ሁለቱ እኩል አካፍሎ በማጥፋት ነው። ግማሹን ድምፅ 100 ሴንት ብለን ብንለካ፣ ንጹሑ ትልቅ ሦስተኛ፣ ከዶ እስከ ሚ ያለው፣ 386 አካባቢ ሲሆን የፒያኖው 400 ነው። ይህ ሁሉ፣ ሰው ተሰብስቦ የተስማማበት ነገር ነው። ላ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገብገብ የሚለውም እንዲሁ። ፈረንሳዮች በ19ኛው ምዕተ ዓመት ላን 435 ብለው በሕግ ደንግገው ነበር፤ 440 ዓለም አቀፍ ስምምነት የሆነው በ20ኛው ነው። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ፣ አንድ አባት ለልጁ ያወረሳትን ክር «ተሳስታለች» አልኩ። እውቀቴ ደብተሬ ላይ ነበር፤ ጆሮዬ ጋ አልደረሰም።

አንድ የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም ነገር ልጨምር። ኪነቱ ሲበተን አኮርዲዮኑ እኔ ጋ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጨዋታ ብዬ በልጄ ስልክ ለካሁት። ላው 443 ነው። ዳኛው ራሱ ሲወላገድ ኖሯል።

ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ሳይነግረኝ ገባኝ። ያንኑ ክራር በዚያው ነጠላ ጠቅልሎ ይዟል። ተቀመጠና ትንሽ ዝም ብሎ ቆይቶ «ጋሼ፣ የአባቴን ቅኝት ይመልሱልኝ» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲያስረዳኝ ነገሩ እንዲህ ነው፤ አባትየው ካለፉ በኋላ ክራሩን አንስቶ እንደ እሳቸው ሊቃኘው ሞከረ፤ አልመጣለትም። እጁ ወደ ላ ይሄድበታል። ጆሮው ላን ሲሰማ ያርፋል፣ ከላ ሲወርድ የተሳሳተ ይመስለዋል። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት፤ በየማታው፣ ሁለት ወር ሙሉ።

እስኪመሽ ተቀመጥን። እኔ አምስተኛዋን ክር አላላለሁ፣ እሱ ይሰማል። «እዚህ ጋ?» «ወረደች።» «እዚህስ?» «ወጣች ጋሼ።» አንድ ጊዜ «እሷ ናት!» ብሎ ተነሳ። ሁሉንም ክር አንድ ላይ ገረፈ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «አይደለችም» አለ። በመጨረሻ ክራሩን ተቀበለኝና «እርስዎ ያረሟት ብቻ ናት የምትመጣልኝ» አለኝ፤ ነጠላውን ጠቀለለ፣ «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎኝ ወጣ። አመሰገነኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

የዛሬ ልጆች በአንድ ደቂቃ ቃኝታችሁ ትጀምራላችሁ። አልቆጣም፤ ትንሽ ግን እቆጣለሁ። እኛ ስንቃኝ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብን ነበር፤ ጆሮ የሚሠራውም በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነበር። አንድ በገና ደርዳሪ አባት ቤት አንዴ ሄጄ፣ አሥሩን ክር ሲቃኙ፣ ሲያላሉ፣ ሲያጠብቁ፣ እንደገና ሲነኩ በጣም ቆዩብኝ። ሰዓቴን ሳይ ቆይቼ በትሕትና «አባ፣ መቼ ይጀምራሉ?» አልኳቸው። «ከመጣህ ጀምሮ» አሉኝ። ስለ በገና ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ የድምፅ ባለሙያ በገና ሲቀዳ ያንን የክሩን ዝዝታ «ችግር አለበት፣ ላጥፋው ወይ?» ብሎኝ ያውቃል። ዝዝታው እኮ በክሩና ክሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ሆን ተብሎ የምታወጣው ነው። ሳቅኩበት። ከዚያ የራሴ አኮርዲዮን ትዝ አለኝና ሳቄን ተውኩት።

ሌላው የማልወድላችሁ ነገር ሁሉን መቅዳታችሁ ነው። ክራር ከያዘ ሦስት ሳምንት ያልሞላው ልጅ ቪዲዮ ለቆ አስተያየት ሲቆጥር አያለሁ። ድምፁንም በኮምፒውተር አስተካክሎታል፤ እያንዳንዷ ድምፅ ተለክታ፣ ተቆርጣ፣ ካርታ ላይ እንዳለ ድንበር ቀጥ ብላ። ስልኩን ጣሉት ልላችሁ ነበር አሳቤ።

ግን ያ የኪነት ክፍል ጥግ ላይ አንድ ቴፕ ሪከርደር ነበረ። ለውድድር የምንልካቸውን መዝሙሮች የምንቀዳበት። ካሴትም ነበረን፣ በካርቶን። ልጁ የመጣ የመጀመሪያ ማታ፣ ሁሉ ሰው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ አንድ ቁልፍ ብጫን ኖሮ የአባቱ አምስተኛ ክር ዛሬ እጃችን ላይ ትገኝ ነበር። የማይረባውን መፈክር ሁሉ ቀድተናል። ስለዚህ ስለ መቅዳት የተናገርኩትን ያህል አትስሙኝ። የአያታችሁን ቅዱ፤ የሠፈሩን ማሲንቆ መቺ ቅዱ፤ ሲቃኝ ጭምር፣ ሲሳሳት ጭምር። የራሳችሁን ትንሽ ቆዩበት፣ የትም አይሄድም።

አስናቀች ወርቁንና ካሳ ተሰማን ስትሰሙም መቃኛችሁን ዝጉ። ክራሩ ድምፃቸውን ወዴት እንደሚከተል ብቻ ስሙ።

ተማሪዬ ከሄደች በኋላ ክራሬን አወጣሁና በስልክ አንቺሆዬ ቃኘሁት፤ ሁሉም አረንጓዴ። ከዚያ አምስተኛዋን ክር ቀስ እያልኩ አላላኋት። መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ቀይ ሆነ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ አንገቴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። የእሱ አባት ክር ትሁን፣ እኔ እንድትሆንልኝ የፈለግኳት ትሁን የምለይበት መንገድ የለኝም። እንዳለች ትቻታለሁ፤ እስካሁን አልነካኋትም።

አንቺ ጠያቂዋ፣ ይህን ካነበብሽ፣ እስከ ሐሙስ ክራርሽን እንዳታስተካክዪው። የጎረበጠሽን ክር ጆሮሽ ወደሚልሽ አውርጂያት ወይም አውጫትና እንደዚያው ይዘሻት ነይ። ስልክሽንም አምጪው። መቃኛውን ዘግተን መቅጃውን እንከፍታለን።