ልጁን ቴፕ ያልኩት ቀን

ባለፈው ሳምንት ድሮ ያስተማርኳት ልጅ፣ አሁን ራሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፍሬሽማን እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ተማሪዎቼ ቃላቱን ያውቋቸዋል፣ ጮክ ብለው ሲያነቡም አይደናቀፉም፣ ጸሐፊው ምን እያለ ነው ስላቸው ግን ፓራግራፉን መልሰው ያነቡልኛል፣ ምን ላድርግ?» ልመልስላት ቁጭ አልኩና አንድ ልጅ ትዝ አለኝ፣ መልሱም በዛው ቀረ። ስለዚህ ይሄ ለእሷም እንግሊዝኛ ለምታስተምሩም ለምትማሩም ወጣቶች ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ጊዜው 1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ፍሬሽማን ነበረ፣ በኋላ ቀርቶ ፕሪፓራቶሪ መጣ፣ 2012 ላይ ደግሞ ተመለሰ፣ እኛ ሀገር ነገር ሲሄድ ሲመለስ ነው። የሪዲንግ ሃንዳውት የማባዛው ራሴ በስቴንስል ነበር፣ ቀለሙ ሸሚዜ ላይ ሳይቀር ይታተማል፣ ባለቤቴ ስለ አንድ ነጭ ሸሚዝ እስከዛሬ ታነሳብኛለች። የዛን ሳምንት ፓሴጅ የ1965 እና 66ቱን የወሎ ረሃብ የሚመለከት ነበር፣ የኢኮኖሚስቱን የአማርትያ ሴንን ሀሳብ ይዤ አሳጥሬ የጻፍኩት። አንደኛው ፓራግራፍ «ኢት ኢዝ ኦፍን አርጊውድ ዛት» ብሎ ይጀምርና ሰው የሚለውን ያስረዳል፣ ድርቅ መጣ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ተራበ። ሁለተኛው «ሃውኤቨር» ብሎ ይገለብጠዋል፤ በሀገር ደረጃ እህሉ ያን ያህል አልቀነሰም፣ የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነው፣ እንዲያውም በደሴ መንገድ እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይጫን ነበር ይላል።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ካኪ ኮት የማያወልቅ ቀጭን ልጅ ነበር፣ ከዛው ከወሎ የመጣ። «ጸሐፊው ምን ይላል?» አልኩት። ተነሳ፣ ወረቀቱን እንኳን ሳያይ አንደኛውን ፓራግራፍ አንድ ቃል ሳይስት ወጣው። ሲጨርስ ትንሽ ትንፋሽ ወሰደ። እኔ መሃል ገባሁና «ሰው ነው የጠየቅኩት፣ ቴፕ ሪከርደር አልከፈትኩም» አልኩ። ክላሱ በሳቅ ሞተ። ልጁ ቁጭ አለ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስሙ ቴፕ ሆነ፣ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተር ሰበሰብኩ። የሱን ስገልጠው በእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አናት ላይ አማርኛ በእርሳስ ተጽፏል፣ እኔ ደግሞ ያኔ ክላስ ውስጥ አማርኛ የተናገረን 25 ሳንቲም የምቀጣ ሰው ነበርኩ (በሳንቲሙ ሻይ እንጠጣበት ነበር)፣ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። ከዛ ከፓሴጁ ሥር ያለውን አየሁ። «አንድም ዝናም ታጣ፣ እህል አልበቀለምና። አንድም እህል ሳለ መግዣ ታጣ፣ በሬው ዋጋ አጥቷልና፤ እህሉስ በደሴ መንገድ አልፎ ሄደ እንዲል።» ከሥሩ ደግሞ «የፊተኛው የሰው ነው፣ የኋለኛው የጸሐፊው» ብሎ አስምሮበታል።

የዶርም ጓደኛውን ስጠይቅ አጎቱ የመጻሕፍት መምህር ናቸው አለኝ፣ የቅዱሳት መጻሕፍትን ትርጓሜ የሚያስተምሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ማለት ነው። ልጁ ቄስ ትምህርት ቤት የንባቡን ደረጃዎች፣ ግዕዙን፣ ውርዱን፣ ቁሙን ጨርሶ፣ መዝሙረ ዳዊትን ዘልቆ፣ ከአጎቱ እግር ሥር ትርጓሜ ሲሰማ ነው ያደገው። እዛ ቤት ደግሞ መጀመሪያ ንባቡ ይባላል፣ ከዛ ነው ትርጓሜው፣ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እየተባለ። ያቺ ትንፋሽ የወሰደባት ቦታ ትርጓሜውን ሊቀጥል የነበረባት ነች እኮ! በማያወራበት ቋንቋ የተጻፈን ከባድ ነገር ማን አለው፣ ለምን አለው፣ ሌላ ምን ይሆናል ብሎ ማንበብ ከእኔ በፊት የተማረ ልጅ ነበር፣ እኔ ሪዲንግ ስኪል ላስተምረው ነው የቆምኩት። ለቃላቱ 7 ከ10 ሰጥቼ ደብተሩን መለስኩለት። ምንም አላልኩትም። ማታ ቤቴ «ነገ እነግረዋለሁ» እያልኩ ሴሚስተሩ አለቀ።

እሺ፣ ወደ ጥያቄው። ስኪሚንግ ስካኒንግ ምናምን ሞጁሉ ላይ አለላችሁ፣ ብዙ አንብቡ የሚለውንም አልደግመውም። እኔ የምለው፣ ተማሪው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ «ይሄ የማን አፍ ነው?» ብሎ ይጻፍ፣ የጸሐፊው ነው ወይስ ጸሐፊው ሊያፈርሰው ያመጣው የሌላ ሰው ሀሳብ? ፈተና ላይ ልጆቹ የሚወድቁት እዚህ ጋር ነው። ዳሩ ላይ ደግሞ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም በገዛ ቋንቋቸው አንድም ይበሉበት፣ እኔ ሳንቲም የቀጣሁበትን እናንተ ፍቀዱ። ቃላትን በተመለከተ፣ ኮክስሄድ የምትባል ምሁር በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች (ከአንድ ቃል የሚወጡ ዘመድ ቃላት) አሉት፣ የጂኦሎጂውን ቃል የጂኦሎጂ መምህሩ ያስረዳል፣ «አሱም»ን እና «ኢምፕላይ»ን ግን ማንም ቆሞ አያስረዳም፣ እነሱን ያዙ። ዲክሽነሪ በመጀመሪያው ንባብ አትንኩ። እኔ እነካለሁ፣ ሽማግሌ ስለሆንኩ ነው። የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ፒዲኤፉን ስክሪንሾት አድርገው ለቻትጂፒቲ ይሰጡና «አነበብኩ» ይላሉ፣ ያ የኔ ቴፕ ቢያንስ በራሱ ድምፅ ነበር የሚያወጣው። ደግሞ ልወቅሳቸው አልፈልግም፣ መጽሐፍ ለብዙ ሰው አንድ እየደረሳቸው ነው የመጡት።

ይሄን ስልክላት «ጋሼ፣ ልጁስ የት ደረሰ?» አለችኝ። በኔ ኮርስ ሲ አገኘ፣ ዓመቱን አለፈ፣ ሌላ አላውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ሬጂስትራር በር ላይ ሰልፍ ይዞ ነው፣ ያው ካኪ ኮት። ወደሱ መሄድ ስጀምር አንዱ ከኋላ «ቴፕ!» ብሎ ጠራው፣ እሱም ዞሮ «አቤት» አለ።