ወንዶቹን አይጦች ለምን እናቆያቸው?

በቅርቡ በአውሮፓ የዶክትሬት ትምህርቷን የምትከታተል አንዲት ኢትዮጵያዊት ጻፈችልኝ። የኤስትሮጅን ተቀባይ ጂናቸው የተሰናከለባቸውን አይጦች ታረባለች። ኤስትሮጅን የሴት ሲባል የኖረ ሆርሞን ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ በህዋስ ውስጥ መልእክቱን የሚቀበልለት ፕሮቲን ነው። «ጋሼ፣ እኔ የማጠናው ማኅፀንን ነው። ወንዶቹ ግልገሎች ቦታና ገንዘብ ይፈጁብኛል። ጡት ሲጥሉ ባስወግዳቸው ምን ይቀርብኛል?» ትላለች። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ ስለዚህ መልሱን በዚህ ሙያ ውስጥ ላላችሁ ወጣቶች ሁሉ እጽፈዋለሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ እሠራ ነበር። የተማርኩት ደብረ ዘይት፣ የእንስሳት ሕክምና ነው፤ እጄ የለመደው ከብት እንጂ አይጥ አልነበረም። ያን ጊዜ በሙያው ትልቁ ወሬ በ1993 ይፋ የሆነው ሥራ ነበር። ዴኒስ ሉባን፣ ኬነት ኮራክ፣ ኦሊቨር ስሚዝስና ባልደረቦቻቸው በኖርዝ ካሮላይና የአይጥን የኤስትሮጅን ተቀባይ ጂን አሰናክለው አረቡ። ብዙ ሊቃውንት ያለዚህ ተቀባይ ፅንስ አይጸናም ብለው ያምኑ ነበር። ግልገሎቹ ግን ተወለዱ፣ አደጉም። የሴቶቹ ማኅፀን ቀጭን ሆኖ ቀረ፤ ኤስትሮጅን ቢወጉም አይወፍርም። እንቁልጢያቸው ደም በቋጠሩ ከረጢቶች ይሞላል፤ እንቁላል አይለቅም። የወንዶቹም የመራባት አቅም ቀንሶ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰው ሁሉ ያነበው ነበር፤ ያለሁበት ቤተ ሙከራ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

የማርባቱን ስሌት ልንገራችሁ። ተቀባዩ ፈጽሞ የሌላቸው አይጦች ስለማይራቡ፣ ከጂኑ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ደህና፣ ሌላው የተሰናከለ የሆነባቸውን ወላጆች ማገናኘት ግድ ነው። ከግልገሎቹ ሩቡ ሁለቱም ቅጂዎች የተሰናከሉበት ይሆናል፤ ከዚያም ግማሹ ወንድ ነው። አንዲት የምትፈለግ ሴት ለማግኘት በአማካይ ስምንት ግልገል መወለድ አለበት። የጅራታቸውን ጫፍ ቆርጠን ጂናቸውን እንለያለን፤ ሴቶቹ ይቀራሉ፣ ወንዶቹ በሦስተኛው ሳምንት ይወገዳሉ። ትእዛዙ እንዲህ ነበር። ገንዘቡ የተሰጠው ለማኅፀን ጥናት ነው፤ የሳጥኑ ወጪ ደግሞ በየቀኑ ይታሰባል።

እንስሳቱን የሚንከባከቡት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ነበሩ። ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን የትኛዋ እናት ግልገሎቿን እንደምትበላ፣ የትኛዋ የጎረቤቷን እንደምታጠባ ያውቃሉ። አንድ ቀን ጠርተው ከላይኛው መደርደሪያ ሳይወገዱ የቀሩ ጎልማሳ ወንዶች ያሉበትን ሳጥን አሳዩኝ። «አይጣሉም» አሉኝ። ጎልማሳ ወንድ አይጦች አብረው ሲኖሩ ብዙ ጊዜ ጀርባቸው በንክሻ ይቆሳስላል። የእነዚህ ጠጉር አልተነካም። አንዱን አንስቼ ኮርማ ስመረምር በለመድኩት መንገድ የዘር ፍሬውን ዳሰስኩት፤ ኮስሶ ጠፍቷል። ለኃላፊያችን ነገርኩት። «የእኛ ጥያቄ ማኅፀን ነው» አለኝ፤ ሳጥኑም በዚያው ሳምንት ባዶ ሆነ። አዛውንቱ ያዩትን ነገር በየትኛውም ጽሑፍ ላይ ማንም በስማቸው አላሰፈረውም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በ1997 ሌሎች ተመራማሪዎች የእነዚህ ወንዶች ጠብ አጫሪነት በእጅጉ መቀነሱን አሳተሙ። በዚያው ዓመት የሬክስ ሄስ ቡድን ከኮራክ ጋር ሆኖ የፍሬውን ምስጢር በኔቸር መጽሔት አወጣ። ከፍሬው የሚወጣው የዘር ህዋስ በብዙ ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚንሳፈፈው። ኤፒዲዲሚስ ወደሚባለው የዘር ማከማቻ የሚያደርሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ያንን ፈሳሽ አብዛኛውን መልሰው ይመጥጣሉ፤ ለዚህም ኤስትሮጅን ያስፈልጋቸዋል። ተቀባዩ ሲጠፋ ፈሳሹ አይመጠጥም፤ ዘሩ ይቀጥናል፣ ፈሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ ፍሬውን ይወጥረዋል፣ በመጨረሻም ያኮሰሰዋል። በ2000 ደግሞ የእነዚህን ወንዶች የዘር ህዋስ ወደ ጤነኛ አይጥ ፍሬ ሲያዛውሩት ልጅ ወለደ። ዘሩ ጤነኛ ነበር ማለት ነው፤ የታመመው መንገዱ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ በሦስት ሳምንት ግልገል ላይ ገና ጎልቶ አይታይም። ፍሬው ፈጽሞ የሚከስመው ወደ አምስት ወር ዕድሜ ሲጠጋ ነው። እኛ ግን ከዚያ አስቀድመን እንጥላቸው ነበር።

ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለችኝ አክስቴ ናት። ጎጃም፣ ደጀን አካባቢ ትኖር ነበር፤ እቴቴ እንላታለን። ባሏ መካን ናት ብሎ ፈታት። ያልተጠመቀችበት ጠበል፣ ያልተሳለችበት ታቦት የለም። እሱ ሌላ አገባ፤ ያችም አልወለደችም። አገሩ ሁሉ ሁለተኛይቱም መካን ሆነችበት ብሎ አዘነለት። እኔ ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ስመጣ የሰፈሩ ላሞች አልይዝ ብለው ጠሩኝ። በትምህርታችን እንደተነገረን መጀመሪያ ያየሁት ኮርማውን ነው፤ አንድ ኮርማ ብዙ ላሞችን ስለሚያጠቃ ችግሩ በእሱ ካለ መንጋው ሁሉ ይጎዳል። አንደኛው ፍሬው ደርቆ ጠጥሯል። ኮርማው ይለወጥ አልኩ፤ ሁሉም ተስማማ። ገመዱን ይዞልኝ የቆመው ያው የቀድሞው ባሏ ነበር። ስለ ከብቱ ያለ አንዳች ክርክር የተቀበለውን ነገር ስለ ራሱ ሊጠይቀው የደፈረ አንድም ሽማግሌ አልነበረም። እቴቴ አሜሪካ ሳለሁ ዐረፈች። የቱቦዎቹን ታሪክ ቁጭ ብዬ፣ ቡና እየጠጣን ልነግራት ምን ያህል እመኝ ነበር።

ኤስትሮጅን የሴት ነው የሚለው እምነት በሰው ላይም ብዙ አሳስቶናል። በ1994 ተቀባዩ የማይሠራለት አንድ የ28 ዓመት አሜሪካዊ ታሪክ ታተመ። ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የአጥንቱ ጫፎች ስላልተዘጉ ያኔም ገና ያድግ ነበር፣ አጥንቱ ግን የሳሳ ነበር። በ1996 ስቶክሆልም የተለየው ሁለተኛው ተቀባይ፣ ቤታ የሚባለው፣ የተገኘው ከወንድ አይጥ ፕሮስቴት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትም ከ2016 ጀምሮ ተመራማሪዎች ሁለቱንም ፆታ ከግምት እንዲያስገቡ ይጠይቃሉ። በእኔ እምነት ሃያ ዓመት ዘግይቷል።

የዛሬ ወጣቶች ነገር አንዳንድ ጊዜ ያስጨንቀኛል። ኮምፒውተር ላይ የሺህ ጂኖችን ሰንጠረዥ ትዘረጋላችሁ፤ አይጧን ግን በእጁ ይዟት የማያውቅ አለ። በስሌት ከእኛ እጅግ ትበልጣላችሁ፤ ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ነገር ግን የሳጥኑ ወለል ለምን እንደረጠበ፣ ወንዶቹ ለምን እንዳልተነካከሱ ሰንጠረዡ አይነግራችሁም። ወደ እንስሳቱ ቤት ውረዱ፣ ጠባቂዎቹን አነጋግሩ፣ ስማቸውን በጽሑፋችሁ ላይ ጻፉ። ማስታወሻ ያዙ፣ ቁጥር አታዛቡ የሚለውን አልደግምላችሁም፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ ከመጀመሪያው እዚህ አይደርስም።

የኃላፊያችሁን ቃል ሁሉ እንደ ወንጌል አትቀበሉ። በሌላ በኩል ያየሁትን ሁሉ ላጥና ብሎ ምንም ሳይጨርስ የቀረ ተማሪም አይቻለሁ፤ ተመራቂው ለአንድ ጥያቄ መታመን አለበት። ሁለቱ ምክሮች እንደሚጋጩ አውቃለሁ። እኔም አስታርቄያቸው አላውቅም።

አንቺ ልጄ፣ እንዲህ አድርጊ። ሁሉንም ወንዶች ማቆየት አይጠበቅብሽም። ከየወላጆቹ ጥቂት የተሰናከሉ ወንዶችንና ደህና ወንድሞቻቸውን አስቀሪ፤ አምስት ወር እስኪሞላቸው በየወሩ ክብደታቸውን ለኪ፣ ከዚያ ፍሬውንና ቱቦዎቹን አውጥተሽ መዝኚ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስስ ቅንጥብ አሠሪ። የአይጦችሽንም ዘር ሐረግ አጣሪ። በ1993 የተሠሩት ከተቀባዩ ቁራጭ የሚያመርቱ ነበሩ፤ በ2000 ስትራስቡርግ የተሠሩት ጂኑ ፈጽሞ የጠፋባቸው ናቸው፤ ውጤትሽን ከሌሎች ጋር ስታነጻጽሪ ይህ ልዩነት ያሳስትሻል። ኃላፊሽ ወጪውን ካልፈቀደ፣ የ1997ቱን የሄስን ጽሑፍ አትመሽ ጠረጴዛው ላይ አኑሪለት። ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ ጻፊልኝ፤ እኔ ራሴ ደውዬ አነጋግረዋለሁ።