ደንበኛን አላስተናግድም ማለት እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል?

በአሜሪካ ምግብ ቤት ያላቸው ወገኖች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ በምግብ ቤቴ በር ላይ «ማንንም ያለማስተናገድ መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፌአለሁ። በሕግ ፊት ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እምብዛም አይጠቅምዎትም። ሰክሮ የሚረብሸውን ወይም ሒሳብ አልከፍልም የሚለውን ያለ ማስታወቂያውም ማስወጣት ይችላሉ፤ ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ መመለስን ግን የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይከለክላል።

ጥያቄ፦ ቤቱ የግሌ ሆኖ ሳለ መንግሥት ማንን እንዳስተናግድ እንዴት ያዝዘኛል?

መልስ፦ ሕጉ በወጣበት ዓመት አንድ የአትላንታ ሞቴል ባለቤት ይህንኑ ተከራክሮ ተረትቷል፤ ጥቁሮችን ገበታ ላይ አላስቀምጥም ያለ የበርሚንግሃም ምግብ ቤትም ሥጋው ከሌላ ስቴት የሚመጣ በመሆኑ ብቻ (በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ መንግሥት ነውና) የፌዴራሉ ሕግ እንደሚመለከተው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ቀን ወስኗል። በርበሬው ባሕር ተሻግሮ ለሚመጣለት የእኛ ቤትማ ምን ማምለጫ ይኖረዋል?

ጥያቄ፦ አንድ ወገናችን በብሔሩ ምክንያት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ቤት ተመለሰ። «ሁላችንም ጥቁሮች ስለሆንን ሕጉ አይመለከተንም» የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ተሳስተዋል፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የ1866ቱ ሕግ በውልና በግብይት ረገድ በዘር ማበላለጥን የሚከለክል ሲሆን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ትውልዱ ዐረብ በሆነ መምህር አቤቱታ ላይ በሰጠው ውሳኔ ጥበቃው የቆዳ ቀለምን ብቻ ሳይሆን የዘር ሐረግንና የጎሣ መለያንም እንደሚያካትት አስረድቷል። የ1964ቱ ሕግ ለተበዳዩ በዋናነት የፍርድ ቤት እገዳ ሲያሰጠው፣ በ1866ቱ ግን የገንዘብ ካሣ መጠየቅ ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ሰውን በፖለቲካ ፓርቲ አባልነቱ መመለስም ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ውሻ ይዞ የገባ ሰውስ?

መልስ፦ ውሻው ለአካል ጉዳቱ የሚያስፈልገው እንደሆነና ምን ሥራ እንደሠለጠነ ብቻ ይጠይቁት፤ የምስክር ወረቀት አምጣ ማለት አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሠርግ ኬክ አልሠራም ያለው የኮሎራዶው ኬክ ጋጋሪ ግን ረትቶ የለም?

መልስ፦ በ2018 የረታው ጉዳዩን ያየው የስቴቱ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ለሃይማኖቱ ጥላቻ አሳይቷል ተብሎ ነው እንጂ ጋጋሪዎች ሁሉ እምቢ እንዲሉ ስለተፈቀደ አይደለም። በ2023 አንዲት የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያ የማታምንበትን መልእክት በሥራዋ እንድትገልጽ መገደድ እንደሌለባት ተወስኗል። ሽሮና ጥብስ አቅርቦ መሸጥን መልእክት ማስተላለፍ ነው ብሎ ዳኛን ማሳመን ግን የሚቻል አይመስለኝም።