«ምን ሠርተሽ ነው የደከመሽ?» ለተባሉ እናት

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ የቤት ሠራተኛ አልበረክትልን ብሎ የባንክ ሥራዬን ተውኩ፤ የወሰንነው አብረን ነበር። አሁን ልጆቹ 8፣ 5 እና 2 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ አይጠጣም፣ አይማታም። ግን ደከመኝ ስለው “ምን ሠርተሽ?” ይለኛል። ሰው ሲጠይቀውም “እሷማ ቤት ነው የምትውለው” ይላል። ባለፈው ወር የትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ሊቀይር መወሰኑን የሰማሁት ከእህቱ ነው። ስጠይቀው “አንቺ ስለ ውጭው ምን ታውቂያለሽ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብያለሁ፤ ልጆቹ ላይ ግን እጮኻለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ሕመም ተደርቧል። አንደኛው ሥራዎ አለመቆጠሩ ነው። ሁለተኛው፣ እንደ እኔ እይታ የሚብሰው፣ በገዛ ልጅዎ ጉዳይ ሳይጠየቁ መወሰኑ ነው። ብዙ ባሎች የመጀመሪያውን በምስጋናና በእናቶች ቀን ስጦታ ሊያስታግሱት ይሞክራሉ። ምስጋና ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቤቷ ውስጥ ቃል የሌላት ሴት ብትመሰገንም ቃል አይኖራትም። ስለዚህ ከባለቤትዎ የሚጠይቁት ምስጋና እንዲሆን አልመክርም።

«ምን ሠርተሽ?» የሚባለው ሁልጊዜ ከንቀት አይደለም። የቤት ሥራ የሚታየው ሲጓደል ብቻ ስለሆነ ነው። ባለቤትዎ ማታ መሶቡን ሲከፍቱ እንጀራ አለ። እንጀራው ግን የተጀመረው ከሦስት አራት ቀን በፊት ነው፤ ጤፉ ተገዝቶ፣ ተነፍቶ፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ፣ ተቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ተጋግሮ። «ከሰዓት መብራት ሊጠፋ ይችላልና ጠዋት ልጋግር» ብሎ ያሰበውን ጭንቅላት ደግሞ ማንም አያየውም። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበትን ሌሊት አስታውሶ በርሜል ለመሙላት የሚነቃውም ያው ጭንቅላት ነው።

አሊሰን ዳሚንገር የተባሉ አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ይህን የሐሳብ ሥራ በአራት ከፍለውታል፦ የሚመጣውን አስቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ መፈጸሙን መከታተል። ባነጋገሯቸው ባለትዳሮች ዘንድ የመጀመሪያውና የመጨረሻው በአብዛኛው ሴቶቹ ላይ ወድቆ ተገኝቷል፤ ውሳኔው ግን ብዙውን ጊዜ የጋራ ነበር። እርስዎ ቤት ውሳኔውም ከእጅዎ ወጥቷል። ዝም ያሰኘዎት ይህ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሰባት ቀን ይመዝግቡ፤ ከሰኞ እስከ እሑድ። ቅዳሜና እሑድን አይዝለሉ፤ የዕረፍት ቀን ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ልዩነት በደንብ የሚታየው ያኔ ነው። ደብተሩን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፦ ሰዓት፣ እጅዎ የሠራው፣ ጭንቅላትዎ የያዘው። ለምሳሌ፦ «ረቡዕ፣ 4፡30። ልብስ ማጠብ። በሐሳብ፦ የትንሿ ሳል ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ነገ ካልተሻላት ጤና ጣቢያ፤ የትልቁ ጫማ ጠቦታል፤ የባለቤቴ እናት የደም ግፊት መድኃኒት ሊያልቅባቸው ነው፤ ቅዳሜ እድር አለ።» በየደቂቃው ለመጻፍ ከሞከሩ በሦስተኛው ቀን ይሰለቹታል። ቀን አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ደብተሩ በቅድሚያ ለራስዎ ነው። ለረጅም ጊዜ «ምንም አትሠሪም» የተባለ ሰው በስተመጨረሻ ራሱም ያምነዋል። ባለቤትዎ ፊት እንደ ደረሰኝ ካቀረቡት ግን እሳቸውም የታክሲውን ሰልፍና የአለቃቸውን ቁጣ መደርደራቸው አይቀርም፤ ማን ይበልጥ ደከመ የሚለው ክርክር ደግሞ ማብቂያ የለውም። ከደብተሩ ሁለት ወይም ሦስት መስመር መርጦ ማሳየት ይበልጥ ይሠራል።

ንግግሩን እሳቸው ከሥራ በገቡበት ሰዓት፣ በማዕድ ላይ ወይም ልጆች ፊት አይጀምሩ። ከአንድ ቀን በፊት ይንገሯቸው፦ «እሑድ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት እፈልግሃለሁ፤ ለጠብ አይደለም፣ ስለ ቤታችን ነው።» አጀማመሩ ወሳኝ ነው። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማንና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የባልና ሚስት ክርክር የመጀመሪያ ሦስት ደቂቃዎች ትዳሩ ወዴት እንደሚያመራ የመጠቆም አቅም እንዳላቸው አሳይተዋል። «ሁልጊዜ ትንቀኛለህ» ብለው ከጀመሩ ባለቤትዎ የሚያስቡት ስለ መከላከል ብቻ ነው። አንድ ድርጊት፣ አንድ ስሜት፣ አንድ ጥያቄ ይያዙ፦ «የልጃችንን ትምህርት ቤት ጉዳይ ከእህትህ ስሰማ በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ። ከእንግዲህ የልጆቹ ትምህርት ሳንነጋገር እንዳይወሰን እፈልጋለሁ።» ያቺው «ምን ታውቂያለሽ» ከተደገመች፦ «የልጁን ደብተር በየማታው የማየው እኔ ነኝ፤ ሒሳብ ላይ የቱ ጋ እንደሚቸገር አውቃለሁ። አንተ ክፍያውን ታውቃለህ። ሁለቱም ያስፈልጋል» ይበሉ። ድምፅ ከፍ ካለ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያቋርጡ፤ መቼ እንደሚቀጥሉ ተናግረው ግን።

ከዚያ ሁለት ነገር ይስማሙ። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የቤት ጉዳይ መነጋገሪያ፣ እና ሁለታችሁም ሳትስማሙ የማይወጣ የገንዘብ መጠን። የአዲስ አበባ ነዋሪ ስለሆኑ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይመለከትዎታል። በዚህ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተብሎ ይገመታል፤ የጋራ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማከራየትም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ይህን የምጽፈው ባለቤትዎ ላይ እንዲመዙት አይደለም። «የእሱ ገንዘብ» እያሉ ከማጎንበስ እንዲወጡ ነው።

ሥራ ማካፈሉ ላይ ቀስ ይበሉ። «ልርዳሽ» የሚል ባል እጁን ብቻ ያውሳል፤ ማሰቡ እርስዎ ጋ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሥራ ከነሐሳቡ ያስረክቡ። ለምሳሌ የትልቁን ልጅ ጠዋት፦ መቀስቀሱ፣ የደንብ ልብሱ፣ ምሳ ዕቃው፣ ሰርቪሱ፣ ከመምህሩ የመጣው መልእክት ሁሉ የአባቱ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምሳ ዕቃ ይረሳል፣ ልጁ የስፖርት ቱታ በሌላ ቀን ለብሶ ይሄዳል። ሮጠው ካስተካከሉ ሥራው ብዙም ሳይቆይ ወደ እርስዎ ይመለሳል። መድኃኒትና ለልጅ አደጋ የሚያመጣ ነገር ካልሆነ በቀር እጅዎን ይሰብስቡ፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው።

ሁለት ሦስቴ ተሞክሮ ካልሆነ አስታራቂ መጥራት ነውር የለውም፤ የንስሐ አባት፣ ሽማግሌ ወይም የትዳር አማካሪ ሊሆን ይችላል። ሁለታችሁንም የሚሰማ ይሁን እንጂ። «ቻይው» ብሎ የሚሸኝዎ ሽማግሌ እዚያው ዝምታ ውስጥ ይመልስዎታል።

ልጆቹ ላይ የሚጮኹት ውስጥዎ የታመቀው መውጫ አጥቶ ነው። ሲበርዱ ጎንበስ ብለው «ጮኼብሃለሁ፤ ደክሞኝ ነው፣ ባንተ መውጣት አልነበረበትም» ይበሉት። የተጎዳውን መጠገን ይቻላል። ነገር ግን እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ደስ ይልዎት የነበረው ሁሉ ከደበዘዘ፣ ራስዎን እንደ ከንቱ መቁጠር ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያግኙ፤ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ተመላላሽ ሕክምና አለው። የሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ ለሚያምኑት ሰው ተናግረው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

የትምህርት ቤቱ ዝውውር ገና ካላለቀ የመጀመሪያው እሑድ አጀንዳ እሱ ይሁን። እርስዎ የመምህሩን አስተያየትና የልጁን የዓመቱን ውጤት፣ ባለቤትዎ የአዲሱን ትምህርት ቤት ክፍያና የትራንስፖርቱን ነገር ይዛችሁ ተቀመጡ። መሸኛው ከአሮጌው ትምህርት ቤት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።