ኮኔክሽን ሪፊውዝድ፦ አፕና ዳታቤዝ አንገናኝም ሲሉ (ጥያቄና መልስ)

እሺ ጀምረናል። ዛሬ ስለ አንድ ነገር ነው የምናወራው፣ አፑ አንድ ማሽን ላይ ዳታቤዙ ሌላ ማሽን ላይ ሆነው አንገናኝም ሲሉ ምን ይደረጋል የሚለውን። ፖስትግሬስም በሉት ማይኤስኪውኤል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርም ያላችሁ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግር፣ ኤረሩን እንዳለ ገልብጣችሁ አምጡት። "አልሰራም አለኝ" ብቻ ካላችሁኝ አይዞህ ከማለት ሌላ የምለው የለኝም።

ጥያቄ፦ ሰላም ብሮ፣ በኖድ የሰራሁት አፕ ላፕቶፔ ላይ አሪፍ ይሰራ ነበር፣ ዳታቤዙን ጀርመን የተከራየሁት ቪፒኤስ (የኪራይ ሰርቨር) ላይ ካወጣሁት በኋላ ግን ኮኔክሽን ሪፊውዝድ እያለ አስቸገረኝ። ፓስወርዱን ቀያይሬ አየሁት ያው ነው። ፖስትግሬስ ነው።

መልስ፦ ኧረ ፓስወርዱን ተወው ወንድሜ፣ ገና ፓስወርድ የሚጠየቅበት ቦታ አልደረስክም። ሪፊውዝድ ሲልህ ጥያቄህ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል፣ ማሽኑ ግን በዚህ ፖርት (የበር ቁጥር በለው) የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለኝም ብሎ ወዲያው መልሶልሃል። የሰው ግቢ አንኳኩተህ ዘበኛው ብቅ ብሎ "እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ የለም" እንዳለህ ቁጠረው። ታይምአውት ግን ሌላ ነው፣ እሱ ብታንኳኳ ብታንኳኳ የሚወጣ ሰው ሲጠፋ ነው፣ ብዙ ጊዜ ፋየርዎል ፓኬቱን ዝም ብሎ ሲጥለው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወዲያው ከመለሰብህ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሰርቪስ ፈትሽ፣ አንጠልጥሎ አስጠብቆህ ያቃተው ከሆነ ፋየርዎሉን ፈትሽ። ቁጥር ካየህም ሊኑክስ ላይ 111 ሪፊውዝድ፣ 110 ታይምአውት ነው፣ ዊንዶውስ ላይ 10061 እና 10060። ፋየርዎሉ ራሱ ሪጀክት እንዲያደርግ ከተደረገም ሪፊውዝድ ሊልህ ይችላል፣ ግን እሱ ሁለተኛ ጥርጣሬህ ይሁን።

ወደ አንተ ስንመጣ፣ ፖስትግሬስ እንደተጫነ ከራሱ ማሽን የመጣውን ብቻ ነው የሚሰማው፣ ሊስን አድሬስስ የሚለው ሴቲንግ ዲፎልቱ ሎካልሆስት ስለሆነ። ሰርቨሩ ላይ ግባና ኤስኤስ የሚለውን ኮማንድ ቲ፣ ኤል፣ ኤን፣ ፒ ከሚሉት ኦፕሽኖች ጋር አስኪደው፣ 5432 (የፖስትግሬስ ፖርት) ያለበትን መስመር እይ። ከፖርቱ ፊት 127.0.0.1 (ያው ሎካልሆስት ነው) ካለ በቃ ችግርህ እሱ ነው፣ 0.0.0.0 ካለ ደግሞ በሁሉም አድሬስ እየሰማ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ዶት ኮንፍ የሚባለው ፋይል ውስጥ ገብተህ የሰርቨሩን አይፒ ወይም የኮከብ ምልክቷን ስጠው፣ መስመሩ ፊት ያለችውን የሃሽ ምልክት ማንሳት እንዳትረሳ፣ እሷ እስካለች ድረስ ምንም እንዳልጻፍክ ነው የሚቆጠረው። ከዛ ሪስታርት። ሪሎድ አይበቃውም፣ ብዙ ሰው ሪሎድ አድርጎ "ቀይሬዋለሁ እኮ!" እያለ ግማሽ ቀን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ያው እኔው ነኝ፣ ያልከውን አደረግኩ አሁን ኤረሩ ተቀየረ፣ ኖ ፒጂ ኤችቢኤ ኢንትሪ ፎር ሆስት ምናምን ይላል። ባሰብኝ እንዴ?

መልስ፦ አልባሰብህም፣ ገብተሃል! አሁን የሚያናግርህ ራሱ ፖስትግሬስ ነው። ማን ከየት ሆኖ የትኛው ዳታቤዝ ውስጥ መግባት እንደሚችል የሚጻፍበት ፒጂ ኤችቢኤ ዶት ኮንፍ የሚባል ፋይል አለ፣ እዛ ላይ አንድ መስመር ትጨምራለህ፦ ሆስት፣ የዳታቤዙ ስም፣ የዩዘሩ ስም፣ የአፑ ሰርቨር አይፒ ከነ /32ቱ (ይሄ አንድ አይፒ ብቻ ማለት ነው)፣ መጨረሻ ላይ ስክራም ሻ 256። እዚህ ሪሎድ ይበቃል። ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው፣ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ላይ ይቆማል፣ ስለዚህ ከላይ ሌላ የሚገጥም መስመር ካለ ያንተን አያየውም።

አንድ ልለምንህ፣ አይፒው ቦታ ላይ 0.0.0.0/0 ብለህ ለዓለም ሁሉ ከፍተህ እንዳትተኛ። በ2017 መጀመሪያ አካባቢ ፓስወርድ ሳይኖራቸው ኢንተርኔት ላይ ተከፍተው የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የሞንጎ ዳታቤዞች ዳታቸው ተጠርጎ "ቢትኮይን ክፈሉ" የሚል መልዕክት ብቻ ነው የቀረላቸው። ከዛ በኋላ ሞንጎ ራሱ ከ3.6 ጀምሮ ዲፎልቱን ሎካልሆስት ብቻ አደረገው፣ እናንተ ስትጭኑት ሪፊውዝድ የሚላችሁ በዚህ ምክንያት ነው፣ እናም ደግ አደረጉ።

ጥያቄ፦ እኔ ከቤት በሞባይል ዳታ ነው የምሰራው፣ አይፒዬ በየጊዜው ይቀያየራል። ጠዋት ያስገባሁት አይፒ ከሰዓት አይሰራም። ምን ላድርግ ጋሼ?

መልስ፦ አይፒ ማሳደዱን ተወው እህቴ፣ አያልቅልሽም፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ አንዱን የሞባይል አይፒ ብዙ ሰው ስለሚጋራው እሱን መፍቀድ የማታውቂያቸውን ሰዎች ጭምር መፍቀድ ነው። ኤስኤስኤች ተነል ተጠቀሚ፣ ሰርቨር ውስጥ ከሩቅ በሚገባበት በኤስኤስኤች ውስጥ የዳታቤዙን ኮኔክሽን ማሳለፍ ማለት ነው። ዳታቤዙ ያለበት ሰርቨር ላይ በኤስኤስኤች መግባት ከቻልሽ ትልቁ ኤል በሚለው ኦፕሽን የላፕቶፕሽን 5433 ከሰርቨሩ ሎካልሆስት 5432 ጋር ታያይዢዋለሽ፣ ከዛ አፕሽን ወይም ዲቢቨርሽን (ዳታቤዝ ማያ ፕሮግራምሽን) ሎካልሆስት ላይ ባለው 5433 አገናኚው። ዳታቤዙ ከራሱ ማሽን የመጣ ጥያቄ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ሊስን አድሬስስንም መንካት አያስፈልግ፣ 5432ንም ፋየርዎል ላይ መክፈት አያስፈልግ። የኤስኤስኤቹ መስኮት ከተዘጋ ግን ተነሉም አብሮ ይሞታል፣ ያኔ የሚመጣብሽ ኤረርም ሪፊውዝድ ነው፣ እንዳትደናገጪ።

እንደውም እኔን ከጠየቃችሁኝ ለዴቨሎፐር የዳታቤዝ ፖርት ኢንተርኔት ላይ መክፈት ጭራሽ አያስፈልግም። ቡድን ከሆናችሁ ዋየርጋርድ ቪፒኤን ትከሉ።

ጥያቄ፦ ዶከር ኮምፖዝ። አፑም ዳታቤዙም ኮንቴይነር ናቸው። ሆስቱን ሎካልሆስት ብዬ ሪፊውዝድ።

መልስ፦ ኮንቴይነር ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ያው ኮንቴይነሩ ራሱ ነው፣ አፑ የራሱን ሆድ ነው እያንኳኳ ያለው። ሆስቱ ላይ ኮምፖዝ ፋይሉ ውስጥ ለዳታቤዙ የሰጠኸውን የሰርቪስ ስም አስገባ፣ ዲቢ ካልከው ዲቢ። ሁለተኛ፣ ፖርት ስታወጣ 5433:5432 ብለህ ከሆነ 5433 ከውጪ ለሚመጣ ነው፣ ኮንቴይነር ለኮንቴይነር ሲያወራ አሁንም 5432 ነው። ሦስተኛ ደግሞ፣ ዲፔንድስ ኦን ብቻውን ስትጽፈው ኮንቴይነሩ እስኪነሳ እንጂ ዳታቤዙ ዝግጁ እስኪሆን አይጠብቅልህም፣ ስለዚህ አፑ ቀድሞ ይደርስና ሪፊውዝድ ይቀምሳል፣ ሁለተኛ ስትነካው ይሰራል። ሄልዝቼክ (ዝግጁ መሆኑን የሚጠይቅ ፍተሻ) ጨምርበት፣ ለፖስትግሬስ ፒጂ ኢዝሬዲ የምትባል ትንሽ ኮማንድ አለችለት።

ደግሞ ሳልረሳው፣ ዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል) ላይ ዘግቼዋለሁ ብለህ አትተማመን። ዶከር ፖርት ሲያወጣ የራሱን የአይፒቴብልስ ሩል ስለሚያስገባ በዩኤፍደብሊው ላይ ዘሎ ነው የሚያልፈው። ከውጪ ካልፈለግከው ፖርቱን ከ127.0.0.1 ጋር እሰረው ወይም ጭራሽ አታውጣው።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ላይ ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ሳይ ፖስትግሬስ አክቲቭ ነው ይላል በአረንጓዴ፣ ከሰርቨሩ ከራሱ ውስጥ ስሞክረው ራሱ ሪፊውዝድ ነው። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ እስቲ አረንጓዴው አጠገብ በቅንፍ ያለውን አንብበው። ኤግዚትድ ነው የሚለው አይደል? ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ያ ሰርቪስ ለስሙ ነው የቆመው፣ ትክክለኛው ሰርቨር ቢሞትም እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል። ፒጂ ኤልኤስክላስተርስ የሚለውን ኮማንድ ምታ፣ እያንዳንዱን ቨርዥን፣ ፖርቱንና ኦንላይን ወይም ዳውን መሆኑን ይዘረዝርልሃል። ሁለት ነገር ታገኛለህ፣ ወይ ዳውን ነው፣ ወይ ደግሞ ኡቡንቱን አፕግሬድ ስታደርግ አዲስ ቨርዥን ከአሮጌው ጎን ተጭኖ 5432 ተይዟል ብሎ 5433 ላይ ተቀምጧል። ዳውን ከሆነ ቫር ሎግ ፖስትግሬስኪውኤል ፎልደር ውስጥ ያለውን የመጨረሻውን ሎግ እይ፣ ደጋግሞ የማየው ኖ ስፔስ ሌፍት የሚለውን ነው፣ ዲስኩ ሞልቶ ማለት ነው። ዲኤፍ ብለህ አረጋግጥ። የፒጂ ዋል ፎልደር ትልቅ ሆኖ ካየኸው በእጅህ እንዳትደልት! ዳታቤዙን ነው የምትገድለው፣ ሌላ ቦታ ያለ አሮጌ ሎግና ባክአፕ አጽዳ።

ጥያቄ፦ ማይኤስኪውኤል፣ ኤረር 2003 ቅንፍ ውስጥ 111።

መልስ፦ ባይንድ አድሬስ። ኡቡንቱ ላይ ማይኤስኪውኤልዲ ዶት ሲኤንኤፍ ውስጥ 127.0.0.1 ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ቀይረህ ሪስታርት። ከዛ 1130 ካለህ ዩዘርህ የተፈጠረው ለሎካልሆስት ብቻ ስለሆነ ነው፣ ለአፑ አይፒ ዩዘር ፍጠር፣ ከ8.0 ጀምሮ ግራንት ብቻውን ዩዘር አይፈጥርልህም፣ ክሪኤት ዩዘር ቀድሞ መምጣት አለበት። ከዛ 1045 ካለህ ያኔ እንግዲህ ፓስወርድህን ተጠራጠር። ሲፓነል ያለው ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ከሆንክ ኮንፊጉን አትነካውም፣ ሪሞት ማይኤስኪውኤል ወይም ሪሞት ዳታቤዝ አክሰስ የምትል ቦታ አለች እዛ አይፒህን ታስገባለህ።

ጥያቄ፦ የአንድ መደብር የስቶክ ሶፍትዌር በሲሻርፕ ሰርቼ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ አንዱ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ ሌሎቹ ካሸሮች አይገናኙም። እዛው ኮምፒውተር ላይ ግን ይሰራል።

መልስ፦ ኤክስፕረስ ሲጫን ቲሲፒ አይፒ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ኮንፊገሬሽን ማናጀርን ክፈቺ፣ ፕሮቶኮልስ ውስጥ ቲሲፒ አይፒን ኢኔብል አድርጊ፣ ከዛ ውስጡ ገብተሽ አይፒ ኦል የሚለው ስር ዳይናሚክ ፖርት ላይ ያለውን ቁጥር አጥፍተሽ ቲሲፒ ፖርት ላይ 1433 ጻፊ፣ ሰርቪሱን ሪስታርት። ዊንዶውስ ፋየርዎል ላይ 1433ን ለውስጥ ኔትወርኩ ክፈቺ። ኮኔክሽን ስትሪንግሽ ላይ ከአይፒው ቀጥሎ ኮማ ነው የሚገባው፣ ሁለት ነጥብ (:) ያስለመድሽ ሌላው ዓለም ሁሉ ነው፣ ማይክሮሶፍት እዚህ ላይ የራሱን መንገድ ነው የሄደው። የዋናውን ኮምፒውተር አይፒም ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርጊው፣ አለበለዚያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አይፒው ሊቀየር ይችላል፣ ካሸሮቹም አንቺ ጋ ነው የሚደውሉት።

ጥያቄ፦ የኔ ቀናት ሰርቶ ድንገት ሪፊውዝድ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል። ኮኔክሽን በዝቶ ይሆን?

መልስ፦ ኮኔክሽን ቢበዛ ማይኤስኪውኤል ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ፣ ፖስትግሬስ ደግሞ ቱ ሜኒ ክላየንትስ ብሎ ይነግርህ ነበር፣ የማይኤስኪውኤል ዲፎልት 151 ነው፣ የፖስትግሬስ 100። ሪፊውዝድ ካለ ሰርቪሱ ወድቆ ተነስቷል። 1 ጊጋ ራም ያለው ቪፒኤስ ላይ ሆነህ አፑም ዳታቤዙም እዛው ከተጫኑ ሚሞሪ ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱ ብዙ የያዘውን ፕሮሰስ ይገድላል፣ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዳታቤዙ ነው። ዲሜሴጅ (የሊኑክስ የራሱ መልዕክቶች የሚታዩበት ኮማንድ) ላይ አውት ኦፍ ሚሞሪ የሚል ፈልግ። ሰዓቱን ስታመሳክር ተጠንቀቅ፣ ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ በዩቲሲ ነው የሚቆጥሩት፣ ደንበኛህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆመ ካለህ ሎጉ ላይ 6:00 ነው የምትፈልገው። 9:00 ላይ ፈልጎ "ሎጉ ላይ ምንም የለም" የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል። ካገኘኸው ስዋፕ (ዲስክ ላይ ያለ ተጠባባቂ ሚሞሪ) ጨምር፣ ራሙን አሳድግ ወይ ሁለቱን ለያቸው።

ጥያቄ፦ ከአፑ ሰርቨር ሆኜ ኤንሲ (ፖርት መሞከሪያ ኮማንድ) ብዬ ፖርቱን ስሞክረው ሰክሲድድ ይላል፣ አፑ ግን ሪፊውዝድ። አበድኩ።

መልስ፦ አላበድክም፣ አፑ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። ኤረሩ ውስጥ አድሬሱ ተጽፏል፣ ማንም አያነበውም እንጂ። 127.0.0.1 ወይም ::1 ብቻ ካለ አፑ ኢንቫይሮመንት ፋይልህን ሳያነብ ቀርቶ ዲፎልቱን ይዟል ማለት ነው፣ በሲስተምዲ ወይም በፒኤም2 ስታስነሳው ከሌላ ፎልደር ስለሚነሳ ፋይሉ አይገኝለትም፣ ወይም ፋይሉን ቀይረህ ፕሮሰሱን ሪስታርት አላደረግክም። አንድ ማሽን ላይ ሆነው ያቺ ሁለተኛዋ አድሬስ ለመጣችባችሁ ደግሞ፣ አይፒቪ6 ናት፣ ኖድ ከ17 ጀምሮ ሎካልሆስትን ሲስተሙ ባስቀደመው ቅደም ተከተል ስለሚወስድ ዳታቤዙ በአይፒቪ4 ብቻ እየሰማ ከሆነ ሪፊውዝድ ሊል ይችላል፣ በተለይ ከ20 በፊት ባሉት ቨርዥኖች፣ ሎካልሆስት በሚለው ፋንታ 127.0.0.1 ጻፉ። አንተ ግን አፑ ሲነሳ ሆስቱንና ፖርቱን ሎግ ላይ ያትም፣ ፓስወርዱን ሳይሆን ሆስቱንና ፖርቱን፣ እና የወጣውን ይዘህልኝ ና።